ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል፦ ማንንም ልጅ ሳይተዉ ኦ ክፍልን ማስተማር

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ ልጅ ነበረኝ። ስጠራው አይመጣም። «ተቀመጡ» ስል ሁሉም ይቀመጣል፤ እሱ ግን ዞር ዞር ብሎ ሌሎቹን ካየ በኋላ ነው የሚቀመጠው። «አስቸጋሪ ነው» ብዬ ወደ ኋላ ዴስክ ወሰድኩት። ሦስት ወር ያህል እዚያው ቆየ። አንድ ቀን አያቱ ሊወስዱት መጡ። ከበር ላይ ሆነው አልጠሩትም። ቀጥ ብለው ገቡ፣ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አሉና «እንሂድ» አሉት። ልጁ ፊቱ በራ። ቦርሳውን ይዞ ተነሳ። ለምን ከበር እንዳልጠሩት ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሕፃን ሳለ ጆሮው ይመግል ነበር። ከሩቅ ብትጠሪው አይሰማሽም» አሉኝ።

እኔ ያስቀመጥኩት ከድምፄ በጣም የሚርቅበት ቦታ ነበር። ያ ነገር እስካሁን ያመኛል። ይህን የምጽፈውም ክፍሉ ለሞላባቸው፣ በጀት ለሌላቸው የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ዓመት) እና የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ብዙም የለበትም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

«አካቶ ትምህርት» የሚለው ቃል ስብሰባ ላይ ብዙ ይነገራል። ክፍል ውስጥ ሲገባ ትርጉሙ ቀላል ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ክፍሉም እሱን እንዲመች ይዘጋጃል። ሀሳቡ በዓለም ደረጃ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔኗ ሳላማንካ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ነው። አገራችንም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በዚያው 2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኦ ክፍል በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ በፍጥነት ተስፋፋ። ልጆቹ መጡ። ክፍሉ ግን ብዙ ቦታ ላይ ለትልልቅ ልጆች የተሠራው ያው ክፍል ነው። ያው ዴስክ፣ ያው ሰሌዳ።

1. በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልጆቹን ማየት

አንድ ወፍራም ደብተር ግዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ስጡ። ስልሳ ልጅ ካላችሁ በቀን ስድስት ልጅ ብቻ እዩ። በአሥር የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። የቀሩትን አትመለከቷቸውም ማለት አይደለም። ዛሬ የምትጽፉት ግን ስለ ስድስቱ ነው።

ሦስት ነገር እዩ። ብቻውን ሲሆን ምን ይነካል? ከማን ጋር ይጫወታል? መቼ ነው የሚያቆመው፣ ወይም የሚያለቅሰው፣ ወይም የሚሸሸው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ነገር ያሳያል። ደወል ሲደወል ጆሮውን የሚይዝ ልጅ አለ። ጠዋት ደህና ሆኖ ከአራት ሰዓት በኋላ ራሱን ዴስኩ ላይ የሚጥል ልጅ አለ። እሱ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ደብተሩ ላይ «ጎበዝ»፣ «ሰነፍ»፣ «ረባሽ» የሚል ቃል አይጻፍ። ያያችሁት ብቻ ይጻፍ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ሰኞ። ቆርኪዎቹን በቀለም ለየ። ስምንት ደረደረ። ሌላ ልጅ ሲጠጋ በክንዱ ከለለ።» ይህን የመሰለ ሁለት መስመር ከአንድ ገጽ አስተያየት ይበልጣል። በኋላ ላይ ልጁን በምን እንደምትይዙት የሚነግራችሁ እሱ ነው።

በእነዚሁ ሳምንታት ጆሮና ዓይንን በጨዋታ መልክ ፈትሹ። ከልጁ ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ ቁሙ። አንዱን ጆሮውን በእጁ ይሸፍን። በሹክሹክታ «ድመት»፣ «ውሃ»፣ «ኳስ» በሉና ይድገም። ከዚያ በሌላው ጆሮ ሞክሩ። ዓይን ላይ ደግሞ ሥዕልን አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋ፣ አንገቱን አዘንብሎ የሚያይ፣ ሰሌዳ ሲያይ ዓይኑን የሚያጨነቁር ልጅ ካለ መዝግቡ። ይህ ምርመራ አይደለም። ምርመራው የጤና ጣቢያ ሥራ ነው። የእናንተ ድርሻ ወላጁን «አንድ ጊዜ ይታይ» ለማለት በቂ ምክንያት መያዝ ነው። ከጆሮው ፈሳሽ የሚወጣ ልጅ ካገኛችሁ ግን ቀን አትቁጠሩ። በዚያው ቀን ወላጁን አናግሩ።

2. ዴስኩን ወደ ግድግዳ ማስጠጋት

የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ የሚማረው በእጁና በእግሩ ነው። በረድፍ የተደረደረ ዴስክ ሁለቱንም ያስርበታል። ሁሉንም ማውጣት ካልተቻለ ግማሹን ወደ ግድግዳ አስጠጉ። መሬቱ ላይ ሰሌን ወይም ንጹሕ ማዳበሪያ አንጥፉ። ከዚያ ክፍሉን በአምስት ጥግ ክፈሉት፦ እቃቃ፣ ግንባታ፣ ቁጥር፣ ፊደል፣ የጸጥታ ጥግ። ስልሳ ልጅ በአምስት ሲካፈል በቡድን አሥራ ሁለት ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ ቦታ ይቀያየራሉ። በቀን ሁሉንም ጥግ ማዳረስ የለባችሁም። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል።

ዋናው ብልሃት ይህ ነው። ከአምስቱ ጥግ መምህር የግድ የሚያስፈልገው አንዱ ብቻ ይሁን። እኔ ብዙ ጊዜ ፊደል ጥግ እቀመጣለሁ። ረዳት ካለች ቁጥር ጥግ ትሆናለች። እቃቃና ግንባታ በራሳቸው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ትርምስ ነው፣ አትደንግጡ። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ ራሳቸው «የኛ ተራ አልደረሰም» ይባባላሉ።

ዕቃው ከየት ይመጣል? ከሰፈር። ቆርኪ ከግሮሰሪ፣ ካርቶን ከሱቅ፣ የእንቁላል ትሪ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ከልብስ ሰፊ፣ አሸዋ ግንባታ ካለበት። ወላጆችን «አንዳንድ ባዶ ሃይላንድ ላኩልን» ብትሉ በሁለት ቀን ጆንያ ይሞላል። አንድ ነገር ግን አደራ። ሽምብራና ባቄላ ለመቁጠሪያ አትስጡ። ትንንሽ ልጆች አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቷቸዋል፣ እዚያ ደግሞ ያብጣሉ። ቆርኪም ቢሆን ጠርዙ የማይቆርጥ ይሁን፤ ዕቃ አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ካለ ደግሞ በትልቅ ነገር ቀይሩት።

እቃቃ ጥግ ላይ ወንድ ልጅ ቡና ሲያፈላ፣ ሴት ልጅ ሾፌር ስትሆን አታቁሟቸው። «እሱ የሴት ነው» የሚል ልጅ ይኖራል። «ቤት ውስጥ አባትህ ሻይ አፍልቶ አያውቅም?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ «ያፈላል» ይላል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

ብርሃንም ይታሰብበት። መስኮት ከጀርባችሁ ከሆነ ፊታችሁ ይጨልማል። የማይሰማ ወይም በከፊል የሚሰማ ልጅ ከንፈራችሁን ማየት አይችልም። ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ ሁኑና ልጁን በደንብ በሚሰማበት ጆሮ በኩል፣ ሁለት ሜትር ባልሞላ ርቀት አስቀምጡት። ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ እየጻፋችሁ አትናገሩ። መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ ዞራችሁ ተናገሩ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው በአቅራቢያ ካለ ሃያ ምልክት እንዲያሳያችሁ ለምኑትና ለክፍሉ በሙሉ አስተምሩ። ልጆች በሳምንት ውስጥ ይለምዱታል። «ውሃ»፣ «ሽንት»፣ «ጨረስኩ» የሚሉትን ምልክቶች ሁሉም ሲጠቀምባቸው ክፍሉ ራሱ ጸጥ ይላል።

ከደጃፉ ደረጃ ካለ፣ የእግር ጉዳት ያለበት ልጅ ባይኖራችሁም፣ አንድ ጣውላ ወይም በሲሚንቶ የተሠራ መወጣጫ ጠይቁ። ልጁ ሳይመጣ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚያ ደረጃ ምክንያት ነው። መጸዳጃ ቤቱንም በልጁ ቁመት ሄዳችሁ እዩት።

3. ቀኑን በሥዕል መስቀል

ሲባጎ ዘርጉ። ስድስት ካርቶን ላይ ስድስት ሥዕል ሣሉ፦ ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ ጥግ፣ እጅ መታጠብ፣ ምገባ፣ ውጭ ጨዋታ፣ ተረት። በልብስ መቆንጠጫ ስቀሏቸው። አንዱ ሲያልቅ አንድ ልጅ ይገለብጠዋል። ሥዕላችሁ ባያምርም ግድ የለም።

ይህ ለሁሉም ይጠቅማል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ከጥቅምም በላይ ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አለማወቅ በጣም ያስጨንቀዋል። የሚያስቸግረው ጨዋታው አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሩ ነው። ስለዚህ ሽግግሩን አስቀድሞ ይወቀው። «አምስት ደቂቃ ቀርቷል» ለስድስት ዓመት ልጅ ምንም ማለት አይደለም። በዓይኑ የሚያየው ነገር ስጡት። ሁለት ሃይላንድ ውሰዱ። ክዳኖቻቸውን ጀርባ ለጀርባ አጣብቁ። እናንተ ራሳችሁ በጋለ ሚስማር ብሱት። ደረቅ፣ የተነፋ አሸዋ ሙሉበት። አሸዋው ሲያልቅ ጥግ ይቀየራል። እሱ ልጅ አሸዋውን የመገልበጥ ኃላፊነት ቢሰጠው ደግሞ እንዴት ደስ እንደሚለው ታያላችሁ።

ደወሉ ለሚያስደነግጠው ልጅ ከመደወሉ በፊት ንገሩት፣ ጆሮውን ይያዝ። ጸጥታ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አቁሙና ነጠላ ወይም ብርድ ልብስ ጣሉበት። ሲጨንቀው ገብቶ ይቀመጣል። ይህ ቦታ በፍጹም የቅጣት ቦታ እንዳይሆን። አንድ ቀን ልጅ ከቀጣችሁበት ማንም ለማረፍ አይገባበትም።

ስለ ኦቲዝም በአገራችን በግልጽ መነጋገር የተለመደው በቅርቡ ነው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስታቋቁም እናቶች ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ይደብቁ ነበር። እሷ ራሷ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበረች። ዛሬ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ክፍላችሁ በር ከመጣች፣ ያ በር ላይ ለመድረስ ስንት ነገር እንዳለፈች አስቡ።

4. ፊደል፦ ከስም ጀምሮ፣ በጣት

33ቱ ዋና ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ላይ በዜማ ማስባል ቀላል ነው። ልጆቹም ይወዱታል፣ እኔም አልጠላውም። ችግሩ ዜማውን ያወቀ ልጅ ፊደሉን ያወቀ ይመስለናል። ቀላል መፈተኛ አለ። ካርቶን ላይ አንድ ፊደል የሚያሳይ ቀዳዳ ቅደዱ። ገበታው ላይ አሳርፉና «ይሄ ማነው?» በሉ። «ሀ ሁ ሂ» ሲል የነበረው ልጅ ዝም ካለ ያስታወሰው ቦታውን ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከጥንት ያውቁታል። አቡጊዳ ለዚሁ ነው። ልጁ «ሀ ሁ»ን ከጨረሰ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ቅደም ተከተሉ በተቀየረበት መንገድ ፊደሉን እንደገና ይለያል። በስንደዶ አንድ በአንድ እየነካ ነው የሚያነበው። ትልቁ ልጅ ትንሹን ያስቀጽላል። ዘመናዊ ትምህርት ልጅ ከልጅ ይማራል ሲለን አዲስ ነገር አይደለም፣ የኛው ነው። ከዚያ ቤት አለንጋውን ትተን ስንደዶውን መውሰድ እንችላለን።

በክፍላችሁ እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያው ወር እያንዳንዱ ልጅ የስሙን ፊደላት ብቻ ይወቅ። ስሙን በካርቶን ጻፉለት። ጠዋት ሲገባ ከክምሩ ፈልጎ ሲባጎው ላይ ይሰቅላል። ይህ የመገኘት መቆጣጠሪያችሁም ይሆናል። ከዚያ ልጆቹ የጓደኞቻቸውን ስም ማወቅ ይጀምራሉ። «መ የኔም ናት፣ የሷም ናት» ሲሉ ስትሰሙ ማንበብ እየጀመሩ ነው።

ቀጥሎ ፊደሉን በጣት። ትሪ ላይ ስስ አሸዋ ነስንሱና ልጁ በጣቱ ይጻፍ። ካርቶን ላይ በሙጫ ፊደል ጽፋችሁ አሸዋ ብትነሰንሱበት ደግሞ የማያይ ልጅ በጣቱ ያነበዋል፣ የሚያይም ይወደዋል። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ ለድሃ ሰፈር ልጆች ቤት ስትከፍት ሸካራ ፊደላትን ተጠቅማለች። ዘዴውን ያዳበረችው ግን ከዚያ በፊት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ጋር ስትሠራ ነው። ዛሬ ከፍተኛ ክፍያ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች በስሟ የሚጠቀሙበት ዘዴ መነሻው «አይማሩም» ከተባሉ ልጆች ዘንድ ነው። ይህን ለሚጠራጠሩ ወላጆች ሁልጊዜ እነግራለሁ።

እርሳስ መያዝ ለሚያስቸግረው ልጅ እርሳሱ ላይ ጨርቅ ጠምጥሙና በፕላስተር እሰሩት። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት አራቱን ጥግ በፕላስተር ለጥፉ። ከዚህ በፊት ግን ጭቃ ያቡካ። ጣቱ የሚጠነክረው በዚያ ነው።

ቁጥር ላይ ብዙ አልልም፣ ጨዋታዎቻችን ሞልተውታል። ገበጣ አለ፣ ቅልልቦሽ አለ፣ ሰኞ ማክሰኞ አለ። መዝለል የማይችል ልጅ ካለ ሳጥኖቹን ሰፋ አድርጋችሁ ሣሉ። በክራንች ወይም በዊልቸር ይለፍ፣ ካልሆነም ጠጠሩን ይወርውርና ጓደኛው ይዝለልለት። «ቁጭ ብለህ እይ» አትበሉት።

5. የቤት ቋንቋ

በአዲስ አበባ አንድ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ፣ ወላይትኛ፣ ትግርኛ ይዞ የሚመጣ ልጅ አለ። አንዳንዱ አማርኛ የሚሰማው ገና ኦ ክፍል ሲገባ ነው። ዝም ሲል «አይገባውም» ይባላል። በቋንቋው ግን ተረት ሊነግራችሁ ይችላል።

ከእያንዳንዱ ቋንቋ አሥር ቃል ተማሩ። ሰላምታ፣ ውሃ፣ ና፣ ጎበዝ፣ አይዞህ። ከወላጅ ወይም ከታላቅ እህት ጠይቁ። ልጁ መጀመሪያ በቋንቋው ይንገራችሁ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ልጅ ካለ ይተርጉም። ከዚያ አንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ጨምሩለት። የሚመጡት ወራት ይበቁታል። እንቆቅልሽም እንዲያመጡ ጠይቁ። አንዱ ልጅ ከአያቱ የሰማውን በኦሮምኛ ብሎ ክፍሉ በሙሉ መልሱን ሲገምት ሳይ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

6. ጥል ሲነሳ

ኩርኩም፣ ቁንጥጫ፣ ማንበርከክ አይሆኑም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንደሆኑ ይደነግጋል። ከሕጉም ሌላ፣ የተመታ ልጅ የሚያስታውሰው ምቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ሲጣሉ በመካከላቸው ቁጢጥ በሉ። ሁለቱንም ተራ በተራ አዳምጡ። «አሁን ምን እናድርግ?» በሉ። መጀመሪያ ላይ መልስ የላቸውም። ሁለት ምርጫ ስጧቸው። ከወር በኋላ ራሳቸው ያመጣሉ።

ልጆች ስለ ጓደኛቸው ይጠይቃሉ። «ሚስ፣ እሱ ለምን አይናገርም?» ዝም አታሰኟቸው። «በአፉ አይናገርም፣ በእጁ ይናገራል። ና ላሳይህ» በሉ። አጭርና እውነት ከሆነ ይበቃቸዋል። «ምስኪን» የሚለውን ቃል ግን ከክፍሉ አውጡ።

7. ወላጅን መያዝ

ትልቁ ተቃውሞ ከዚህ ይመጣል። «ቲቸር፣ ልጄ መጫወት ብቻ ነው እንዴ? የጎረቤት ልጅ እንግሊዝኛ ይጽፋል።» አትቆጡ። ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው። በቃል ከመከራከር አንድ ጠዋት ጋብዟቸው። ቆርኪ ሲደረድር «ስንት ነው? ሁለት ብንጨምርስ?» ብላችሁ ልጁን እነሱ ፊት ጠይቁት። ደብተሩን ክፈቱና የመስከረምና የኅዳርን ገጽ አሳዩ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ወላጅ ብዙም አላየሁም።

የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ወላጅ ፍርሃት ደግሞ ሌላ ነው። «ይስቁበታል» የሚል ነው። ቃል አትግቡ። «ከሳቁ እዚያው እናስተካክላለን፣ መጀመሪያ ሳምንት አብረሽው ቆይ» በሉ። ስለ ልጁ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና ጠይቋቸው። ምን ሲሆን ያለቅሳል? በምን ይረጋጋል? በአቅራቢያ የአካቶ ትምህርት የድጋፍ ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት ካለ ርዕሰ መምህሩ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ።

8. በሰኔ አንድ ገጽ

ዓመቱን ሙሉ የለፋችሁበት ነገር በመስከረም አንደኛ ክፍል በር ላይ እንዳይቀር። ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ ሁሉ ለቀጣዩ መምህር አንድ ገጽ ጻፉ። የበሽታ ስም አይደለም የሚጻፈው። የሚሠራው ነገር ነው። ወላጁም ያንብበው፣ ይስማማበት።

ለዚያ የመጀመሪያ ልጄ በዓመቱ መጨረሻ የጻፍኩት ይህ ነበር፦ «በቀኝ ጆሮው ይሰማል። ከፊት፣ ወደ ሰሌዳ ሲያይ በስተግራው በሚሆነው ረድፍ ይቀመጥ፣ ቀኝ ጆሮው ወደ እርስዎ ይሆናል። ሳይነኩት ወይም ሳያይዎት መናገር አይጀምሩ። እስከ 20 ይቆጥራል። ጭቃ ይወዳል። ያልገባው ጊዜ ሌሎቹን ዞር ብሎ ያያል፤ ያን ጊዜ ይድገሙለት።»